የጆሃንስበርግ ትንሽ ሞዴልና የአማርኛ ድርሻ

ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ የሚነሡ ክርክሮች አብዛኞቹ ወደ ቋንቋ ሞዴሎች ያመራሉ። የቋንቋ ሞዴል ማለት እጅግ ብዙ ጽሑፍ እየቀረበለት፣ ከአንድ ቃል ወይም የቃል ቁራጭ ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል በስሌት እንዲገምት የሠለጠነ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሆን፣ ጥያቄ የሚመልሰው፣ የሚተረጉመው፣ ደብዳቤ የሚያረቅቀውና የፕሮግራም ኮድ የሚጽፈው ይህንኑ ግምት ያለማቋረጥ እየደጋገመ ነው። በበለጸጉት አገሮች ክርክሩ ይበልጡን የሚያተኩረው ማሽኑ የፕሮግራመሮችን እንጀራ ይወስዳል ወይስ አይወስድም በሚለው ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ቀርቧል፤ ይኸውም ማሽኑ የአገሬውን ሕዝብ ቋንቋ በእርግጥ ያውቃል ወይ፣ የማያውቅ ከሆነስ ማን፣ በየትኛው ጽሑፍና በማን ፈቃድ ያስተምረዋል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በዚያች ከተማ በሚገኝ ኩባንያ በ2024 ለወጣው የአፍሪካ ቋንቋዎች ሞዴል የተጻፈው የጥናት ወረቀት በመጀመሪያ ደራሲነት የሚጠቅሰው ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ አጥናፉ ላምቤቦ ቶንጃን ነው።

ጆሃንስበርግ ለዚህ ሥራ መነሻ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በ1996 ዐሥራ አንድ ቋንቋዎችን በይፋዊ የሥራ ቋንቋነት ያጸደቀ ሲሆን በ2023 የምልክት ቋንቋ ዐሥራ ሁለተኛ ሆኖ ተጨምሯል፤ የአገሪቱ ትልልቅ ባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው በዚህችው ከተማና በዙሪያዋ ይገኛሉ። ስለዚህ በየቀኑ ለእነዚህ ድርጅቶች የሚደውለው ደንበኛ ንግግሩን በዙሉ ጀምሮ መሐል ላይ በሶቶ ሊቀጥል፣ የሒሳብ ቁጥሩን ሲናገር ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ሊሻገር ይችላል። ለእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ የንግግር ማወቂያ ሶፍትዌር እንዲህ ያለውን ንግግር መከተል ስለሚያቅተው፣ የቋንቋ ጉዳይ በጆሃንስበርግ የባህል ጥበቃ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

የምርምሩ መሠረት የተጣለው በከተማዋ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ «ዊትስ» በሚባለው ነው። በሴፕቴምበር 2017 ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በዚያ ተሰብስበው «ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ» የተባለውን ጉባኤ የመጀመሪያ ዙር አካሄዱ። ዲፕ ለርኒንግ ማለት በብዙ ንብርብር የተደራጁ ስሌቶችን በመጠቀም ኮምፒዩተር ከምሳሌዎች እንዲማር የሚያደርገው ዘዴ ሲሆን፣ ኢንዳባ ደግሞ በዙሉ ቋንቋ የምክክር ሸንጎ ማለት ነው። አዘጋጆቹ የተነሡት አፍሪካውያን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቃሚ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩና በሠሪነትም እንዲገቡበት ነበር፤ ጉባኤው ከዚያ በኋላ በስቴለንቦሽ፣ በናይሮቢ፣ በቱኒስ፣ በአክራ፣ በዳካርና በኪጋሊ ተካሂዷል። ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በብራምፎንቴን ሰፈር በ2016 የተከፈተው ሺሞሎጎንግ የተባለው የዲጂታል ፈጠራ ማዕከልም ወጣት ፕሮግራመሮች የሚሠለጥኑበትና አዳዲስ ኩባንያዎች የሚጀምሩበት ቦታ ሆኗል። ማዕከሉን ለማቋቋም ብዙ የደከሙትና በ2023 ያረፉት ፕሮፌሰር ባሪ ድዎላትስኪ የሶፍትዌር ምሕንድስና ትምህርት በአገሪቱ ሥር እንዲሰድ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ነበሩ።

ከኢንዳባው ከወጡት ነገሮች ሁሉ ለቋንቋ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2019 የተመሠረተው ማሳካኔ የተባለ የተመራማሪዎች ኅብረት ነው። ስሙ በዙሉ «አብረን እንገንባ» እንደማለት ሲሆን፣ የአሠራሩ ልዩነትም በስሙ ውስጥ ያለ ነው። በተለመደው አካሄድ አንድ ትልቅ ኩባንያ የብዙ ቋንቋዎችን ጽሑፍ ከኢንተርኔት በጅምላ ይሰበስብና ቋንቋዎቹን በማያውቁ ሰዎች ያስመረምራል። ማሳካኔ ይህን ገልብጦ፣ የቋንቋው ተናጋሪ ራሱ መረጃውን እንዲሰበስብ፣ ሞዴሉን እንዲያሠለጥንና ውጤቱን እንዲገመግም አደረገ። ኅብረቱ በ2020 ያሳተመውና ከአርባ በላይ ደራሲያን የተሳተፉበት ጥናት ከሠላሳ ለሚበልጡ የአፍሪካ ቋንቋዎች የማሽን ትርጉም መነሻ ውጤት አቅርቧል፤ በ2021ም የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የዓመቱ የምርምር ሽልማት ተሰጥቶታል። ከደራሲያኑ መካከል በኮምፒዩተር ሳይንስ መደበኛ ትምህርት የሌላቸው፣ ቋንቋቸውን ግን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ይገኙበታል። ቋንቋን የሚመለከት ምሕንድስና ከተናጋሪው ዕውቀት ተነጥሎ ሊሠራ እንደማይችል በተግባር የታየበት በመሆኑ፣ ይህ ውጤት ከማናቸውም የትርጉም ጥራት ነጥብ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

አዲስ አበባም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ ነበራት። በዘርፉ ከታወቁት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች አንዱ የሆነው አይሲኤልአር በኤፕሪል 2020 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር፤ ለምርጫው አንዱ ምክንያት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ ለሚደረጉ ጉባኤዎች ቪዛ እየተከለከሉ መቅረታቸው ነበር። የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚመለከተው የመጀመሪያው ዐውደ ጥናትም ከዚሁ ጋር ሊደረግ ታስቦ ሳለ የኮቪድ ወረርሽኝ ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት ስብሰባ ለወጠው። በማሳካኔ ሥር በ2021 የታተመው ማሳካኔር የተባለው የመረጃ ስብስብ ግን አማርኛን አካቷል። በዚህ ስብስብ በዜና ጽሑፍ ውስጥ ያሉ የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች እንዲሁም ቀኖች በሰው እጅ ምልክት የተደረገባቸው ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ «ደሴ» ከተማ፣ «አበበ» ደግሞ ሰው መሆኑን የሚማረው ከእንዲህ ያለው ምልክት ነው። ስብስቡ ከያዛቸው ዐሥር ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ብቻ ነበር። በ2023 የቀረበው አፍሪሴንቲ ደግሞ በማኅበራዊ መገናኛ የተጻፉ ከ110 ሺህ በላይ አጫጭር መልእክቶችን በስሜታቸው፣ ማለትም በአዎንታዊነት፣ በአሉታዊነትና በገለልተኝነት ለይቶ በዐሥራ አራት ቋንቋዎች ያቀረበ ሲሆን፣ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ይገኙበታል።

ይሁንና ጽሑፍ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ የአማርኛ ችግር ገና ከፊደሉ ወደ ማሽኑ አገባብ ላይ ይጀምራል። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ሲሆን፣ በዛሬው የተለመደ አመዘጋገብ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቦታ ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ባይት የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። በዚህ ስሌት «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዛሬ ኮምፒዩተሮች ቦታ ስለማይቸግራቸው ጉዳቱ እምብዛም ባልተሰማ ነበር። የቋንቋ ሞዴሎች ግን ጽሑፍን የሚያነብቡት በፊደልም በቃልም ሳይሆን ቶከን በሚባል ቁራጭ ነው። የቁራጮቹ ዝርዝር የሚዘጋጀው አብረው ደጋግመው የታዩ ባይቶችን እያጣመሩ በአንድ በማጠቃለል ስለሆነና ለዝግጅቱ የሚውለው ጽሑፍ በአመዛኙ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል በሙሉ አንድ ቶከን ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል ብቻውን ሁለት ወይም ሦስት ቶከን ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት የገንዘብም የጥራትም ነው። የቋንቋ ሞዴል አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች ዋጋ የሚያስከፍሉት በቶከን ብዛት ነው፤ በመሆኑም አንድን ሐሳብ በአማርኛ ማቅረብ በእንግሊዝኛ ከማቅረብ በብዙ እጥፍ ሊወደድ ይችላል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ተመሳሳይ ይዘት ያለውን ጽሑፍ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲያወዳድር የቶከን ብዛት ልዩነቱ እስከ ዐሥራ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሊያስታውስ የሚችለው የቶከን መጠን ውሱን ስለሆነም የአማርኛ ተጠቃሚ ረዥም ሰነድ ሲያቀርብለት መጀመሪያውን ቶሎ ይረሳል፤ መልሱም በእያንዳንዱ ቁራጭ ስለሚወጣ ይዘገያል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ትርጉም የሌለውን የፊደል ስባሪ እየቆጠረ የሚማር ሞዴል የቃሉን አወቃቀር ለማየት መቸገሩ ነው። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ በሜይ 2024 የቶከን ዝርዝሩን አሻሽሎ ለውጡ የታየባቸውን ሃያ ቋንቋዎች በምሳሌነት ሲያቀርብ፣ ከአረብኛ በቀር በአፍሪካ በሰፊው የሚነገር አገር በቀል ቋንቋ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ አንድ ቋንቋ በማሽን ዘንድ «ከባድ» መባሉ ከቋንቋው ባሕርይ የመጣ ብቻ አለመሆኑንና ከፊሉ መሐንዲሶች በመሥሪያ ቤታቸው ከወሰኑት ውሳኔ የተነሣ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የአማርኛ የራሱ ባሕርይም ቢሆን ልዩ ትኩረት ይሻል። «አልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ ቃል አሉታን፣ ድርጊቱን፣ ኃላፊ ጊዜን፣ ተናጋሪውንና የተነገራቸውን ሰዎች በአንድነት ይዟል፤ ከዚያም አልፎ «አቸው» ለብዙ ሰዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ስለሚሆን፣ ማሽኑ ትክክለኛውን ለመምረጥ ዙሪያውን ማንበብ አለበት። በዚህ ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ጉዳይ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ጸ» ሌላው በ«ሀ» ሲጽፈው አንባቢ ምንም አይቸገርም፤ ማሽኑ ግን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ያለውም ጥቂት ጽሑፍ በዚሁ ይበታተንበታል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ችግሩን የሚፈቱት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ በመለወጥ ነው። ለፍለጋ ሥራ ይህ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ጽሑፍ ለሚያመነጭ ማሽን ግን ተገቢ አይደለም፤ ሥዕል የሣለውን «ሠዐለ» እና የለመነውን «ሰአለ» ያደባለቀ ማሽን ለተማሪ መጽሐፍ ሊያዘጋጅ አይችልምና። ይህን የመሰለ ውሳኔ የሚወስነው ሰው አማርኛን አንብቦ ያደገ መሆን ይገባዋል።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የጆሃንስበርግ ኩባንያ ለላፓ ኤአይ ይባላል፤ የተመሠረተው በ2022 ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ፔሎኖሚ ሞይሎአ፣ ከማሳካኔ መሥራቾች አንዷ የሆነችው የቴክኖሎጂ ኃላፊዋ ጄድ አቦት፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቩኮሲ ማሪቫቴ እንዲሁም የዊትሱ ፕሮፌሰር ቤንጃሚን ሮስማን ይገኛሉ። ሁለቱ ፕሮፌሰሮች የኢንዳባውም አዘጋጆች ስለነበሩ ኩባንያው የዚያ እንቅስቃሴ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ2023 መጨረሻ ገደማ ያቀረበው የመጀመሪያ ምርት ቩላቩላ ይባላል። ይህ በኤፒአይ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ኤፒአይ ማለት አንድ ፕሮግራም የሌላውን ፕሮግራም ችሎታ በተወሰነ ደንብ እየጠራ የሚጠቀምበት መግቢያ ሲሆን፣ በዚህ መግቢያ የባንክ ወይም የስልክ ኩባንያ ፕሮግራመር የራሱን ሞዴል ማሠልጠን ሳያስፈልገው የደንበኛን ንግግር ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ በውስጡ ያሉትን ስሞች መለየትና ደንበኛው ተቆጥቶ ወይም ረክቶ እንደሆነ መገመት ይችላል። አገልግሎቱ የተነሣው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ሰዎች ቋንቋ እያቀላቀሉ የሚናገሩበትን የከተማይቱን ልማድ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መደበኛ አነጋገር መቀበሉም ትልቁ ብልኅነቱ ነው።

ኩባንያው በኦገስት 2024 ኢንኩባኤልኤም የተባለውን ሞዴል በነፃ ለምርምር አወጣ። ኢንኩባ እበት እያንከባለለ የሚሄድ ጢንዚዛ ስም ሲሆን፣ ሥራውን የሰየሙት ሰዎች ይህች ትንሽ ፍጡር የክብደቷን 250 እጥፍ ማንቀሳቀስ መቻሏን በምሳሌነት ወስደዋል። ሞዴሉ 0.4 ቢሊዮን፣ ማለትም አራት መቶ ሚሊዮን ፓራሜትሮች አሉት። ፓራሜትር በሥልጠናው ጊዜ እየተስተካከለ የሚሄድ ቁጥር ነው፤ የቁጥሮቹ ብዛት የሞዴሉን መጠን ይወስናል። በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 ባለ 175 ቢሊዮን ፓራሜትር ስለነበር ኢንኩባኤልኤም ከእርሱ ከአራት መቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ባይት ይይዛል ቢባል፣ ትልቁን ሞዴል ለማንቀሳቀስ 350 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ሲያስፈልግ ለትንሹ ከአንድ ጊጋባይት ያነሰ ይበቃል፤ ይህም በተራ ስማርት ስልክ ውስጥ የሚገኝ አቅም ነው። የሠለጠነበት ጽሑፍ በድምሩ 2.4 ቢሊዮን ቶከን ሲሆን፣ ከዚህ 1.9 ቢሊዮኑ የአምስት የአፍሪካ ቋንቋዎች ማለትም የዙሉ፣ የኮሳ፣ የስዋሂሊ፣ የሐውሳና የዮሩባ ነው፤ ቀሪው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው። በዚያው ዓመት በሜታ ኩባንያ የወጣው ላማ 3 ከ15 ትሪሊዮን በሚበልጥ ቶከን መሠልጠኑን ላስተዋለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የጽሑፍ ሀብት ልዩነት ከስድስት ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ትንሽ ሞዴል ከግዙፎቹ ጋር ተወዳድሮ በሁሉም ዘርፍ አሸንፏል ማለት አይቻልም፤ ሠሪዎቹም እንዲህ አላሉም። በስሜት ልየታ ላይ ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሞዴሎችን መብለጡን፣ በሌሎች ፈተናዎችም ከአንዳንዶቹ ጋር መቀራረቡን አሳይተዋል። ረዥም ውይይት የሚያደርግ አዋቂ ግን አይደለም፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ለተወሰነ ተግባር እንዲያስተካክሉት የተዘጋጀ መሠረት ነው። ቢሆንም ከሁሉ የሚልቀው ጥቅሙ የአሠራር ጥያቄን ማንሣቱ ነው። ለአንድ የጤና ጣቢያ የቀጠሮ መልእክት ለመተርጎም ወይም ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የገበያ ዋጋ በድምፅ ለማሰማት ዓለምን ሁሉ የሚያውቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ተግባሩን በሚገባ የሚሠራ፣ ርካሽና በአካባቢው ሰዎች ሊታረም የሚችል ማሽን ይበቃል። በዚህ ረገድ ትንሽነት የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ለሥራው የሚመጥን መጠን መምረጥ ራሱ ችሎታ ነው።

የመሠረተ ልማቱ ሁኔታም ይህንኑ ይደግፋል። ማይክሮሶፍት በ2019፣ ጉግል በ2024 በጆሃንስበርግ የክላውድ አገልግሎት ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል፤ ክላውድ ማለት ኮምፒዩተር ሳይገዙ የሌላውን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት መከራየት ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መቋረጥ፣ በአገሬው አጠራር ሎድ ሼዲንግ፣ በ2023 ከምንጊዜውም በላይ ከፍቶ ነበር፤ የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽንም በዲሴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ ከመጠን በላይ መሆኑን ገልጾ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች እንዲቀንሱ ጠይቋል። መብራትና ኢንተርኔት በማይታመኑበት ቦታ፣ በስልኩ ውስጥ ያለ ትንሽ ሞዴል በሩቅ ማዕከል ካለ ግዙፍ ሞዴል ይሻላል። ለላፓ በ2025 ዚንዲ በተባለው የአፍሪካ የዳታ ባለሙያዎች የውድድር መድረክ በኩል ኢንኩባኤልኤምን ይበልጥ ለማሳነስ ያወዳደረ ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎች መጠኑን እስከ ሰባ አምስት በመቶ ሊቀንሱት ችለዋል።

ሞዴሎች በሚሠለጥኑበት ጽሑፍ ባለቤትነት ላይ ያለው ክርክር ግን ከሞዴሉ መጠን ይልቅ ከባድ ነው። የማሳካኔ ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝተው የተጠቀሙበት ጄደብልዩ300 የተባለ የትርጉም ስብስብ ከይሖዋ ምሥክሮች ኅትመቶች የተለቀመ ነበር፤ ከሦስት መቶ በላይ ቋንቋዎች ስለነበሩበት ለብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ብቸኛው ሰፊ ምንጭ ሆኖ አገልግሏል። በኋላ ግን በቅጂ መብት ምክንያት ከአገልግሎት ወጣ፤ በእርሱ ላይ የቆሙ ሥራዎችም መሠረታቸው ተናጋ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ የተማሩት ነገር ፈቃድ ሳይጠየቅ የተሰበሰበ ጽሑፍ አስተማማኝ ሀብት አለመሆኑን ነው። የለላፓ ተመራማሪዎች በ2025 ኤሴቱ በሚል ስም ያቀረቡት የአስተዳደር ሥርዓት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ተናጋሪዎች ድምፃቸውን ወይም ጽሑፋቸውን ሲሰጡ ክፍያ እንዲያገኙ፣ ከንግድ አጠቃቀም የሚመጣውም ገቢ ለዚያው ቋንቋ ተጨማሪ መረጃ ማዘጋጃ እንዲውል በፈቃድ ውሉ ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያ ፍሬው በኮሳ ቋንቋ የተቀዳ የንግግር ስብስብ ሆኗል። በሕግ በኩልም ደቡብ አፍሪካ ፖፒያ የተባለውን የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከጁላይ 2021 ጀምሮ በሙሉ ስታስፈጽም፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። እነዚህ ሕጎች ግለሰብን ይጠብቃሉ፤ የአንድ ማኅበረሰብ የጋራ ሀብት የሆነውን ቋንቋ በማሽን ማሠልጠኛነት ማን ሊሸጠው እንደሚችል ግን አይወስኑም። የኤሴቱ ሰዎች በውል ሊሞሉት የሞከሩት ይህንን ክፍተት ነው።

አማርኛ በዚያችው ከተማ ውስጥም ይነገራል፤ በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ጄፒ በሚባለው አካባቢ፣ መንገዱ በኋላ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በተሰየመበት ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ለዓመታት የጅምላና የችርቻሮ ገበያ አቋቁመው ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ የመጡ በመሆናቸው በእርስ በርስ ንግግራቸው ሀዲይኛና ከምባትኛ ከአማርኛ ጋር ይሰማሉ፤ ከደንበኞቻቸው ጋር ደግሞ በዙሉና በእንግሊዝኛ ይገበያያሉ። ከአማርኛ ወደ ዙሉ የሚተረጉም ማሽን በአብዛኛው ሁለቱን የሚያገናኘው በእንግሊዝኛ በኩል አልፎ ነው፤ በዚህ ሽግግር አማርኛ ለአንተ፣ ለአንቺና ለእርስዎ ያለው ልዩነት በእንግሊዝኛው ይጠፋና ወደ ዙሉ ሲደርስ የአክብሮት ወጉ አብሮ ይሰወራል። ሁለት የአፍሪካ ቋንቋዎችን በቀጥታ የሚያገናኝ ጽሑፍ ካልተዘጋጀ በቀር ይህ አይስተካከልም። ሀዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ ገና ከዚህ በፊት ባለ ደረጃ ላይ ናቸው፤ አጥናፉ ላምቤቦና ባልደረቦቹ በ2024 ያቀረቡት ኢትዮኤልኤልኤም የተባለው የሞዴሎች ስብስብ እንኳ ያካተተው አማርኛን፣ ግዕዝን፣ አፋን ኦሮሞን፣ ሶማሊኛንና ትግርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ነው።

ለአማርኛ የተዘጋጀ ጽሑፍ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ከዋልታ የመረጃ ማዕከል ዜናዎች የተወሰዱ 210 ሺህ ያህል ቃላት በሰው እጅ የሰዋስው ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ በ2018 የወጣው የዘመናዊ አማርኛ ስብስብም ከ25 ሺህ በላይ ሰነዶች የተውጣጡ ወደ 24 ሚሊዮን ቃላት ይዟል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ኢንኩባኤልኤም ከሠለጠነበት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን የአማርኛ ችግር ጽሑፍ አለመጻፉ አይደለም፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ኖሯል፣ ልብ ወለዱም ታሪኩም የትምህርት መጽሐፉም ብዙ ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር በሚያነብበው መልክ አለመገኘቱ ነው። ከዩኒኮድ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ ማተሚያ ቤቶች ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ሲሠሩ፣ የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ተደርቦ ይቀመጥ ነበር፤ ስለዚህ የፕሮግራሙ የፊደል ቅርጽ (ፎንት) በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የሚቻል ቢሆንም ሥራው ጊዜና አራሚ ይፈልጋል፣ የደራሲያንና የአሳታሚዎችም ፈቃድ ያሻዋል። ከቆዩት ኅትመቶች ብዙዎቹ ደግሞ በፎቶ ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

በደቡብ አፍሪካ ለዚህ የሚጠቅም አርአያ አለ። የማሪቫቴ የምርምር ቡድን በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ መንግሥት ቩኩዘንዘሌ በሚል ስም በዐሥራ አንዱም ቋንቋዎች የሚያሳትመውን ጋዜጣ ሰብስቦ፣ አጽድቶና ዐረፍተ ነገሮቹን ከየቋንቋው አጎዳኝቶ በ2023 ለተመራማሪዎች አቅርቧል። የኢትዮጵያ አቻው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ከ1934 ዓ.ም. አንሥቶ ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ሲታተሙበት ቆይተዋል፤ የሕግ ጽሑፍ በመሆኑ የቅጂ መብት ጭቅጭቅ እምብዛም የለበትም። ቋንቋው የሕግ ቋንቋ ስለሆነ የገበያውን ወይም የቤተሰቡን ንግግር አይተካም፤ ለማሽን ትርጉም ግን ከኢንተርኔት በጅምላ ከተለቀመ ጽሑፍ ይልቅ የታመነ መነሻ ይሆናል። የአንቀጹና የንዑስ አንቀጹ ቁጥር በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ስለሆነም፣ የፕሪቶሪያው ቡድን በጋዜጣ ዜና ላይ በስሌት ሊፈልገው የተገደደውን ጉድኝት የሕግ አርቃቂዎቹ አስቀድመው ሠርተው አስቀምጠውታል።